በመቀስና በሚዛን መካከል

የእስያ አገሮች ስለ ሁለት ወንዶች ፍቅር የሚሠሯቸው ተከታታይ ድራማዎችና ፊልሞች፣ በአጭር መጠሪያቸው «ቢኤል» የሚባሉት፣ ከቶክዮ እስከ ባንኮክ፣ ከሴኡል እስከ ማኒላ የብዙ ወጣቶች የማታ መዝናኛ ሆነዋል። በስልክ አማካይነትም ወደ ሌላው ዓለም ተማሪዎች ደርሰዋል። እኛም ከተመልካቾቹ ወገን ነን። ስለ እግር ኳስ ቡድኑ ሲከራከር የሚያድረው ጓደኛችን እንደማያፍር ሁሉ፣ እኛም ይህን ለመናገር አናፍርም። ዳሩ ግን መውደድ ማለት ዐይንን መጨፈን አይደለም። የሚወዱትን ነገር መመርመር የወዳጅ ግዴታ ነው ብለን ስለምናምን፣ ይህን አስተያየት ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን እናቀርባለን።

የሐሳባችን ፍሬ ነገር አጭር ነው። እነዚህ ታሪኮች በሁለት ኀይሎች መካከል ተይዘዋል፤ አንደኛው የሳንሱር መቀስ ነው፤ ሁለተኛው የነጋዴ ሚዛን ነው። መቀሱ ፍቅሩን ቈርጦ ይጥላል፤ ሚዛኑ ፍቅሩን መዝኖ ይሸጣል። ከሁለቱ ያመለጡት ሥራዎች ጥቂቶች ናቸው፤ ልናመሰግናቸው የሚገባንም እነሱን ነው። ተመልካቹስ? ተመልካቹ ዳር ቆሞ የሚያይ እንግዳ አይደለም፤ ቈራጩም ሻጩም የሚሠሩት እሱን አይተው ነውና፣ በነገሩ ውስጥ ድርሻ አለው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ፣ ነገሩ ከየት መጣ? ብዙ ሰው ከታይላንድ የመጣ ይመስለዋል። ምንጩ ግን ጃፓን ነው፤ የጀመሩትም ወጣት ሴቶች ናቸው። በ1974 ሞቶ ሀጊዮ የተባለች ደራሲና ሠዓሊ «የቶማስ ልብ» የሚለውን የሥዕል ታሪክ ለልጃገረዶች በሚታተም መጽሔት ላይ በተከታታይ አወጣች። በ1976 ደግሞ ኬይኮ ታኬሚያ «የነፋስና የዛፎች መዝሙር» የተባለውን ጀመረች። ሁለቱም ያን ጊዜ በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበሩ። ታኬሚያ ታሪኩን ካሰበችው በኋላ የሚያትምላት አዘጋጅ አጥታ ለዓመታት ጠብቃለች። ይህችው ሴት ቈይታ፣ ከ2014 እስከ 2018 ድረስ፣ በኪዮቶ ከተማ የሚገኘው የሴይካ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆና ሠርታለች። «ይህ የልጆች ጨዋታ ነው» እያሉ ነገሩን የሚንቁ ሰዎች ይህችን ታሪክ ቢያስተውሏት መልካም ነው።

ጽሑፉን ያስፋፉት ትልልቆቹ ማተሚያ ቤቶች ብቻ አይደሉም። በ1975 መጨረሻ ላይ በቶክዮ «ኮሚክ ማርኬት» የተባለው ገበያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት፣ ሠላሳ ያህል ትንንሽ የአማተር ማኅበራት ራሳቸው ያዘጋጇቸውን ደብተሮች ይዘው ቀረቡ። እጃቸው በማባዣ ቀለም የሚጠቁረው የዚህ ጋዜጣ አዘጋጆች ይህን ከማንም ይበልጥ ይረዱታል። ከእነዚህ አማተሮች መካከል አንዳንዶቹ ጽሑፋቸውን «ያኦይ» ብለው ሰየሙት፤ ቃሉ «ጫፍ የለው፣ መቋጫ የለው፣ ትርጕም የለው» ከሚሉ ሦስት የጃፓንኛ ሐረጎች መነሻ የተውጣጣ ነው። በራሳቸው ላይ መቀለዳቸው ነበር።

ሴቶች ስለ ወንዶች ፍቅር ለመጻፍ ለምን ተነሡ? ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱን እኛ እንቀበለዋለን። በተለመደው የፍቅር ታሪክ ውስጥ ወንዱ ይመርጣል፤ ሴቲቱ ትመረጣለች። እሱ ይመጣል፤ እሷ ትጠብቃለች። ወጣቷ ደራሲ ሁለቱንም ፍቅረኞች ወንዶች ስታደርጋቸው፣ ማን ጌታ ማን ሎሌ እንደ ሆነ አስቀድሞ ያልተጻፈበት ፍቅር ማሰብ ቻለች። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ መነሻ እኩልነት ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ መቀሱ እንሂድ። በቻይና ይህ ዐይነቱ ጽሑፍ «ዳንሜይ» ይባላል፤ ደራሲዎቹም አንባቢዎቹም በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው። በ2016 «አዲክትድ» የተባለው ድራማ ብዙ ተመልካች ካገኘ በኋላ፣ ታሪኩ ሳያልቅ ከአገሪቱ የኢንተርኔት መድረኮች ተነሣ። በ2017 የቪዲዮ አቅራቢዎች ማኅበር ያወጣው ደንብ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን «ጤናማ ካልሆኑ» ግንኙነቶች ተርታ መድቦ እንዲቈረጥ አዘዘ። ስለዚህ የድራማ ሠሪዎች መላ ፈለጉ። በ2019 የወጣው ባለ 50 ክፍሉ «ዘ አንቴምድ» የዚህ መላ ዋና ምሳሌ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ፍቅረኞች የነበሩት ዌይ ዉሺያንና ላን ዋንግጂ፣ በድራማው ውስጥ የልብ ወዳጆች ብቻ ሆነው ቀረቡ። ቃሉ ተከለከለ፤ ዜማው ግን አልተከለከለም። ዌይ ዉሺያን ሞቷል ተብሎ ከዓመታት በኋላ ፊቱን በጭምብል ሸፍኖ ሲመለስ፣ ላን ዋንግጂ የሚያውቀው በዋሽንቱ ነው፤ ያን ዜማ ከሁለቱ በቀር የሚያውቀው የለምና። በዚያች ደቂቃ አንዳች የፍቅር ቃል አይነገርም፤ ይሁን እንጂ ያልገባው ተመልካች የለም።

በሰምና ወርቅ ላደገ ሰው ይህን መፍታት አይቸግርም። ሰሙ ወዳጅነት ነው፤ ወርቁ ፍቅር ነው። ከዚህ ተነሥተው አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ «እንግዲያው ሳንሱር ጥበብን አጠራው እንጂ ምን ጐዳው?» ብለው ይከራከሩናል። ይህን ክርክር አንቀበልም። ባለ ቅኔው ወርቁን በሰም የሚሸፍነው ወድዶ ነው፤ ጥበቡን ለማሳየት፣ ሰሚውን ለማስደሰት። አፉን ታስሮ በዐይኑ የሚጠቅሰውን ሰው ግን ባለ ቅኔ አንለውም፤ እስረኛ ነው። የእስረኛው ጥቅሻ ቢያምርም ምስጋናው የራሱ የእስረኛው ነው፤ ያሰረው ሰው ከዚያ ላይ አንዲት ምስጋና አይደርሰውም። ደግሞስ ሰሙ እንኳ መች ተፈቀደ? በመስከረም 2021 የአገሪቱ የሬዲዮና የቴሌቪዥን መሥሪያ ቤት «ሴታ ሴት» የሚላቸውን የወንድ መልክና አቀራረቦች ከማያ ገጽ የሚያግድ መመሪያ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የዳንሜይ መጻሕፍትን ወደ ድራማ የመለወጡ ሥራ ተቀዛቀዘ።

ወርቁን ያለ ሰም የጻፉትስ ምን ደረሰባቸው? በ2018 ቲያንዪ በሚል የብዕር ስም የምትታወቅ ደራሲ፣ የወንድ ለወንድ ፍቅር ያለበትን አንድ ልብ ወለድ ጽፋ በማሳተሟና በመሸጧ፣ በአንኹዊ ክፍለ አገር የሚገኝ ፍርድ ቤት የወሲብ ጽሑፍ በማሠራጨት ወንጀል የዐሥር ዓመት ከስድስት ወር እስራት ፈረደባት። ብዙ የቻይና ሰዎች ራሳቸው በዚህ ፍርድ ተገረሙ፤ አስገድዶ የደፈረ ሰው ከዚህ ያነሰ ቅጣት ሲያገኝ አይተናል ብለው ጮኹ። በ2024 እና በ2025 ደግሞ መቀመጫውን በታይዋን ባደረገ አንድ ድረ ገጽ ላይ ታሪክ የሚያወጡ ብዙ ጸሐፊዎች በአንኹዊና በጋንሱ ፖሊሶች ተያዙ፣ ተጠየቁ፣ ተቀጡ። ከእነሱ አብዛኞቹ በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ናቸው፤ ተማሪዎችም ይገኙባቸዋል። ቅጣቱ የሚለካው በአንባቢው ብዛትና በተገኘው ገንዘብ ስለ ሆነ፣ ጽሑፏ የተወደደላት ልጅ ወንጀሏ ይከብዳል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። እነዚህ በዕድሜ እኩዮቻችን ናቸው። እንደ እኛ ፈተና ያጠናሉ፤ እንደ እኛ ማታ ማታ በመኝታ ቤት ውስጥ ይጽፋሉ። ጽሑፋቸው ሁሉ ጥሩ ነው አንልም፤ ብዙው ተራ ነው፤ አንዳንዱም ገላጣነቱ ከልክ ያለፈ ነው። ነገር ግን መጥፎ መጽሐፍ የሚገባው መጥፎ ሒስ ነው፤ ለዚያም ሐያሲ አለ። ለመጽሐፍ ዐሥር ዓመት የሚፈርድ ዳኛ ጽሑፍንም ፍርድንም አብሮ አዋርዷል።

የተመልካችና የአንባቢ ድምፅ ዋጋ የለውም ለሚል ሰው ደግሞ አንድ ነገር እንንገረው። በሚያዝያ 2018 ዌይቦ የተባለው የቻይና ትልቅ የማኅበራዊ መገናኛ ድርጅት የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ያለባቸውን ጽሑፎችና ሥዕሎች እንደሚያጸዳ አስታወቀ። እጅግ ብዙ ሰው ተቃውሞውን በዚያው መድረክ ላይ ጻፈ፤ ድርጅቱም በሦስት ቀን ውስጥ ውሳኔውን አነሣ። መቀሱ ያን ጊዜ ለጥቂት ቀን ቢሆን እንኳ ተመልሶ ሰገባው ገባ።

ከመቀሱ አገር ወጥተን ወደ ሚዛኑ አገር፣ ወደ ታይላንድ፣ ስንሻገር ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። እዚያ ፍቅሩን የሚቈርጠው የለም። በ2007 «የሲያም ፍቅር» የተባለው የቹኪያት ሳክዊራኩል ፊልም ለገበያ ሲቀርብ፣ ማስታወቂያው የሁለቱን ልጆች ፍቅር ደብቆ ተራ የወንድና የሴት ታሪክ አስመስሎት ነበር። ይህ የሆነው ነጋዴው ያን ጊዜ ፍቅሩ ገዢ ያርቃል ብሎ ስለ ፈራ ነው። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ግን ሚዛኑ ተገለበጠ። በ2014 «ላቭ ሲክ»፣ በ2016 «ሶተስ»፣ በ2020 ደግሞ ዓለም በወረርሽኙ በቤቱ ተዘግቶ ሳለ «ቱጌዘር» ወጡ፤ ያን ጊዜ የተደበቀው ነገር አሁን ዋናው ሸቀጥ ሆነ።

ሸቀጥ ማለታችን ለስድብ አይደለም፤ ድራማ የሚሠራ ሰው መብላት አለበት። የምንቃወመው የሚሸጠው ዕቃ ድራማው መሆኑ ቀርቶ ሰዎቹ ሲሆኑ ነው። በታይላንድ ሁለቱ ተዋናዮች «ኩ ጂን» ይባላሉ፤ አድናቂው በሐሳቡ ያጣመራቸው ጥንድ ማለት ነው። ድራማው ካለቀ በኋላም ጥንዱ አብሮ ሳሙና ያስተዋውቃል፤ አብሮ መድረክ ላይ ይወጣል፤ አድናቂው ሲጮህ እጅ ለእጅ ይያያዛል። ከሁለቱ አንዱ ከሌላ ሰው ጋር ፍቅር ቢይዝ እንደ ከዳተኛ የሚቈጥሩት አድናቂዎች አሉ። አንድ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ የማን ወዳጅ እንደሚሆን ገበያ ሊወስንለት ይገባልን? የፍቅርን ነፃነት የሚያወድስ ድራማ ወድደን የተዋናዩን ነፃነት የምንከለክል ከሆነ፣ ከድራማው አንዳች አልተማርንም።

የሚዛኑ ሁለተኛ ጉዳት በታሪኩ ውስጥ ነው። ነጋዴ የተሸጠውን መልሶ መሥራት ይወዳል፤ ስለዚህ ከድራማ ወደ ድራማ ሦስት ነገሮች ይደጋገማሉ። አንደኛ፣ ከሁለቱ አንዱ «ሚስት» ይባላል። ሁለተኛ፣ «እኔ ወንድ አልወድም፤ የምወድህ አንተን ብቻ ነው» ይባላል፤ ይህ ንግግር ጣፋጭ ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን ፍቅሩን እየተቀበሉ ሰዎቹን መካድ ነው። ሦስተኛ፣ በግድ የተወሰደ መሳም እንደ ፍቅር መጀመሪያ ይታያል። ከላይ አንባቢ በልቡ እንዲይዝ የለመንነው ነጥብ እዚህ ላይ ይመጣል። ታሪኩ የተፈጠረው ጌታና ሎሌ የሌለበትን ፍቅር ለማሰብ ነበር። «ሚስት» የሚለው ቃል ዝቅ ማድረጊያ ሆኖ ሲመለስ፣ የሀምሳ ዓመቱ ድካም ከንቱ ይሆናል፤ ሴቶቹ የሸሹትን ነገር በኋላ በር አስገብተን አስቀመጥነው ማለት ነው።

ለዚህ «ሶተስ»ን እንመልከት፤ የተማሪ ጉዳይ ነውና በይበልጥ ይመለከተናል። ስሙ ከአምስት የእንግሊዝኛ ቃላት የተውጣጣ ሲሆን፣ በታይላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ነባሮች አዲስ ገቢዎችን የሚያስገብሩበት ሥርዓት መጠሪያ ነው፤ ነባርን ማክበር፣ ሥርዓት፣ ወግ፣ አንድነትና መንፈስ ማለት ነው። በድራማው ውስጥ የኢንጂነሪንግ ነባሮች አዲስ ገቢዎችን አሰልፈው ይጮኹባቸዋል፤ ያዟቸዋል፤ ይቀጧቸዋል። ኮንግፖብ የተባለው አዲስ ገቢ የነባሮቹን አለቃ አርቲትን በአደባባይ ይገዳደረዋል። የፋኩልቲውን የማርሽ ምልክት ካልሰጠኸኝ ሚስቴ አደርግሃለሁ፤ የሚስት ንብረት የባልም ነውና ያን ጊዜ የእኔ ይሆናል ይለዋል። አዳራሹ ይንጫጫል፤ ተመልካቹም ይስቃል። እኛ ግን እንጠይቃለን፤ ሰውን ለማዋረድ የተመረጠው ቃል ለምን «ሚስት» ሆነ?

ስለ ሥርዓቱም ድራማው ደፍሮ ይጀምርና ፈርቶ ይጨርሳል። በመጀመሪያ «ነባር ስለ ሆነ ብቻ ለምን ይታዘዛል?» ብሎ ይጠይቃል፤ በመጨረሻ ግን ነባሮቹ ለካ ልባቸው ደግ ነበር ብሎ ያጣፍጠዋል። በእውነተኛው ሕይወት በታይላንድ በዚህ አቀባበል ሰበብ የተጐዱ፣ የሞቱም ተማሪዎች አሉ፤ ሥርዓቱን በግልጥ የሚቃወሙ የአገሩ ተማሪዎችም አሉ። የሚጮኸው ልጅ መልከ መልካም ስለ ሆነ ጩኸቱ ጩኸት መሆኑ አይቀርም። በየትኛውም አገር ግቢ ውስጥ አዲስ ገቢ ሆኖ የተንቀጠቀጠ ሰው ይህን ያውቃል።

እስካሁን ስንወቅስ ቈየን፤ አሁን ደግሞ እናመስግን። ከመቀስም ከሚዛንም ያመለጡ ሥራዎች አሉ ብለናል። በ2020 የወጣው «አይ ቶልድ ሰንሴት አባውት ዩ» በፉኬት ከተማ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የሚዘጋጁ ሁለት ልጆችን ያሳያል። ቴህ የኑድል ሻጭ ልጅ ነው፤ ኦኤውን ቻይንኛ ያስጠናዋል። ቴህ ያገኘውን የዩኒቨርሲቲ ቦታ፣ በተጠባባቂነት ያለው ኦኤው እንዲገባበት ብሎ ይተወዋል። ልጅን በኑድል ሽያጭ አስተምሮ ለዚያች ቀን ያደረሰ ወላጅ ምን እንደሚሰማው ድራማው አይደብቅም። ፍቅር እዚህ ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ፍቅረኛው ብቻ አይደለም። በ2021 የጀመረው «ባድ በዲ» ደግሞ ቤተሰቦቻቸው የተጣሉ፣ ፋኩልቲዎቻቸውም የሚደባደቡ የኢንጂነሪንግና የአርክቴክቸር ተማሪዎች ታሪክ ነው። ፓትና ፕራን ከልጅነት ጀምሮ ሲፎካከሩ ያደጉ እኩዮች ናቸው፤ የባልና የሚስት ክፍፍሉን ራሳቸው ይቀልዱበታል።

የኮሪያው «ሴማንቲክ ኤረር» (2022) አነሣሡ ማንኛውንም ተማሪ ያስቃል። ቹ ሳንግዉ የተባለው የኮምፒውተር ተማሪ የግሩፕ አሳይመንቱን ብቻውን ከሠራ በኋላ፣ ምንም ያልሠሩትን የቡድን አባላት ስም ይሰርዛል። በዚህ ምክንያት ጃንግ ጄዮንግ የተባለው የዲዛይን ተማሪ ሳይመረቅ ይቀራል። ሊበቀለው መጥቶ ይወድደዋል። ስሙን ብቻ ለማስገባት በመጨረሻው ሰዓት ብቅ የሚለውን ጓደኛችንን ያሳሰበን ይህ ድራማ፣ ፍቅር ከሥራና ከኀላፊነት ጋር እንደሚኖር ያሳያል።

ከሁሉም ይልቅ የምንወደው ግን ወጣት የሌለበት ነው። ፉሚ ዮሺናጋ ከ2007 ጀምራ የጻፈችው «ትናንት ምን በላህ?» በ2019 በጃፓን ቴሌቪዥን ድራማ ሆነ። ሺሮ ጠበቃ ነው፤ ኬንጂ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሁለቱም ከአርባ ዓመት በላይ ናቸው። ሺሮ የወር የምግብ ወጪውን እየቈጠረ፣ የቱ ሱቅ ዛሬ እንዳረከሰ እያጠና ራት ይሠራል። ኬንጂ እየበላ ያመሰግናል። ፀቡ የሚነሣው ሺሮ በሰው ፊት አብሮ መታየት ስለሚፈራ፣ ኬንጂ ደግሞ መደበቅ ስለሚያሳዝነው ነው። አንዳች ጠለፋ የለም፤ አንዳች በዝናብ የሚደረግ ጩኸት የለም። እርጅናቸውን፣ ወላጆቻቸውን፣ ገንዘባቸውን ያስባሉ። ይህን ድራማ ያየ ሰው ስለ እነዚህ ሰዎች የተለየ ፍጡር አድርጎ ማሰብ ይቸግረዋል፤ ራት አብሯቸው የበላ ያህል ይሰማዋልና።

አንድ የመጨረሻ ክርክር እናንሣ። ታይላንድ በጃንዋሪ 23 ቀን 2025 የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በሕግ ሥራ ላይ ስታውል፣ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች የመጀመሪያዋ ሆነች። ብዙ የቢኤል ወዳጆች «ድራማዎቻችን አሸነፉ» ብለው ፎከሩ። እኛ በዚህ ፉከራ አንተባበርም። ሕጉን ያመጡት ከዐሥር ዓመት በላይ ረቂቅ ሲጽፉ፣ ፊርማ ሲያሰባስቡ፣ በፓርላማ በር ሲመላለሱ የኖሩ የአገሩ ሰዎች ናቸው። ድራማው የሕዝቡን ዐይን ሳያለማምድ አልቀረም፤ ይህም ቀላል አይደለም። ሆኖም የሰው ድካም ለማያ ገጽ አይሰጥ።

አንዳንዶች «እናንተ ተማሪዎች ናችሁ፤ ከዚህ የሚበልጥ ቁም ነገር የላችሁም ወይ?» ይሉናል። ማን ይጽፋል፣ ማን ይቈርጣል፣ ማን ይሸጣል የሚለው ጥያቄ ቁም ነገር ካልሆነ፣ ቁም ነገር የቱ ነው? እንግዲህ ከወዳጆቻችን የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ተዋናዩ ከካሜራው ሲወርድ ይተዉት፤ ኑሮው የራሱ ነው። በግድ የተወሰደን መሳም ሲያዩ አያጨብጭቡ፤ መጥፎውን መጥፎ ይበሉት። ማታ ታሪኩን ሲያዩም፣ ተመሳሳዩን በመጻፏ የታሰረች እኩያቸው እንዳለች አይርሱ፤ ስሟንም ለማያውቀው ይንገሩ።

በዚህ አስተያየት የማይስማማ ወንድምም ሆነ እኅት ቢኖር፣ በካፌ ከማጕረምረም ብዕሩን ቢያነሣ እንወዳለን። ለመልሱ የሚሆን ገጽ በሚቀጥለው ዕትም አይጠፋም።